በለቅሶ ነጥብ የተገዛች ሳምንት

ልጄ ስትከፍል ማየት አስጠልቶኛል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ጠረጴዛ ሞልተን ምሳ ስንበላ፣ ሂሳቡ ሲመጣ ከሁሉ ቀድማ እጇን የምትዘረጋው እሷ ነበረች። "እኔ ልክፈል፣ በኋላ ታስተላልፉልኛላችሁ" ትላለች። እኛ ያደግነው ሂሳብ ላይ እየተጣላን ነው፤ "በሞቴ"፣ "አይሆንም"፣ "እኔ እያለሁ" ሳይባል ከምግብ ቤት ወጥተን አናውቅም። እሷ ያንን ግብግብ በአንዴ አስቀረችው። ሰዎቹ ቤታቸው ሲገቡ ድርሻቸውን በስልክ ይልኩላታል፣ እኔን ደግሞ "ልጅህ እኮ እጇ አይሰስትም" ይሉኛል። ደስ ይለኝ ነበር።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። ክሬዲት ካርድ የራስን ገንዘብ ማውጫ አይደለም። ባንኩ ይከፍላል፣ ባለካርዱ በወሩ መጨረሻ ይመልሳል። ብዙ ለሚያወጣ ሰው ባንኩ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም ወደ ገንዘብ ይለወጣል። አዲስ ካርድ ያወጣ ሰው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ከከፈለበት ትልቅ ጉርሻ ያገኛል። ልጄ ይህን ሁሉ ያስረዳችኝ እዚህ ኖርዌይ፣ ኦከርን የሚባለው ሰፈር ካለው ሱቅ ጎመን ስንመርጥ ነው።

"አባዬ፣ አንተ በራስህ ካርድ ስትከፍል ምን ታገኛለህ?"

"ጎመን።"

ከት ብላ ሳቀች። "እኔ ጎመኑንም ነጥቡንም!"

ስትስቅ አብሬ ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ሰው ጎመን ገዝቶ ጎመን ይዞ መግባት ለምን አይበቃውም? ከዚያ በኋላ ሳያት፣ ሱቅ የምትመርጠው በነጥብ ነው፣ የልደት ስጦታ የምትገዛው በነጥብ ነው። ሰው ቡና ልጋብዝሽ ሲላት "እኔ ልክፈልና ላክልኝ" ትላለች። መጋበዝ እንኳን አቃታት። እኔ ሮምሶስ ሰፈር ውስጥ ቫክትሜስተር ነኝ፤ የሕንፃዎቹን መብራትና ቧንቧ እጠግናለሁ፣ በረዶ እጠርጋለሁ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። የማውቀውን ያወቅሁት ከቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ በማንበብ ነው፤ ኖርዌይኛውንም እንደዚያው። ምናልባት በዚህ የተነሳ ይሆናል፣ ሳይደክሙበት የሚገኝ ነገር ሁሉ ይሸተኛል።

ነጥቡን የምትሰበስብለት ዓላማ ነበራት። ስፔን፣ ከባሕሩ ዳርቻ፣ አንድ ቤት አይታ ነበር። ቤቱን መግዛት አይደለም፤ የምትገዛው ከዓመቱ ውስጥ አንዲት ሳምንት ነው። የቀሩትን ሳምንታት ሌሎች ሰዎች ይገዟቸዋል፣ በየዓመቱ ያቺ ሳምንት ስትመጣ ቤቱ የእሷ ይሆናል። የመጀመሪያው ክፍያ ከባድ ስለሆነ ከነጥቡ በምታገኘው ልታቃልለው ነው። "ለእማዬ ፀሐይ እገዛላታለሁ" ትል ነበር። ባለቤቴ ሲኬየም፣ ማለትም የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ ሰው ስታነሳና ስታስተኛ ኖራ ጉልበቷ አልቋል። ብርዱ ሲጠና ደረጃ የምትወጣው አንዱን እግሯን ከሌላው እያስከተለች ነው። ይህን አልክድም። ሐሳቧ ለእናቷ ነበር።

በረዶው ከመጀመሩ በፊት ከቤተ ክርስቲያናችን አንድ ወንድም በድንገት ሞተ። አውቶቡስ ነጂ ነበር፤ ከባለቤቱ ጋር ሃውገሩድ የሚባል ሰፈር ይኖሩ ነበር፣ ልጅ የላቸውም። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት አስከሬኑ አገር ቤት ይሄዳል፣ ወጪውን ሁሉም ያዋጣል። መዋጮው ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ አስከሬን የሚልከው ድርጅት ደግሞ ሳይከፈለው ሳጥኑን አያንቀሳቅስም። ለቅሶ ቤቱ ሞልቶ ጫማው እስከ ሊፍቱ በር ተከምሯል። ሽማግሌዎቹ ኩሽና ውስጥ ቆመው ይንሾካሾካሉ። ማን ያበድራል? ከየት? እዚያ መሐል ልጄ ገባችና "እኔ አሁን በካርዴ ልክፈለው፣ እናንተ ስትሰበስቡ ትሰጡኛላችሁ" አለች።

አንዱ ሽማግሌ "ተባረኪ!" ብሎ ጮኸ። ወሬው ሳሎን ሲደርስ የሟቹ ሚስት ከፍራሹ ተነሥታ መጣችና የልጄን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች። ልጄ ደግፋ አነሣቻት። ፓስተሩ በጸሎቱ ስለ ሟቹ ቤተሰብ ከለመነ በኋላ እጇን ስላልሰበሰበችው ልጅ አመሰገነ። እኔ ሰው እንዳያየኝ ፊቴን ወደ ማቀዝቀዣው አዙሬ አለቀስኩ። አባቴ ሲሞት ያላለቀስኩ ሰው ነኝ።

ጥቂት ሳምንታት አልፈው የከፈለችው ከመዋጮው ሙሉ በሙሉ ተመልሶላት ነበር። አንድ ቅዳሜ እናቷንና እኔን ይዛን ወደ አንድ ሆቴል አዳራሽ ሄደች። የስፔኑ ቤት ሳምንታት የሚሸጡት እዚያ ነው። ግድግዳው ላይ ፀሐይ፣ አሸዋ፣ የሚስቁ ሽማግሌዎች። ሽሪምፕ የተከመረበት ዳቦ በነጻ ያድላሉ፤ እንዳላስቀይማቸው ብዬ አንድ ተቀበልኩ። ሻጩ ጥርሱ ከፊቱ ቀድሞ የሚመጣ ወጣት ነው፤ ገና ሳያውቀኝ ትከሻዬን ያሻል። አንድ ሰው በፈረመ ቁጥር ትንሽ ደወል ይደወላል፣ አዳራሹ በሙሉ ያጨበጭባል። እኛ እንዲህ የምናጨበጭበው ሰው ጌታን ሲቀበል ነው። እዚያ ቁጭ ብዬ፣ ሰው አንዲት ሳምንት በመግዛቱ ሲጨበጨብለት ሳይ፣ ተነሥቼ መውጣት አማረኝ። ባለቤቴ ግን የባሕሩን ሥዕል እያየች ጉልበቷን ትዳብስ ነበርና ተቀመጥኩ።

ሻጩ ስለ መጀመሪያው ክፍያ ጠየቃት። በኖርዌይኛ ነው የሚነጋገሩት።

"ከካርዴ ጉርሻ ነው" አለችው።

"በዚህ ፍጥነት? እንዴት ሞላልሽ?"

"አንድ ትልቅ ክፍያ ገጠመኝ። ትራንስፖርት ነበር።"

"ዕድለኛ ነሽ!"

"አዎ፣ ዕድለኛ ነኝ።"

መጀመሪያ አልገባኝም። የምን ትራንስፖርት? መኪና የላት፣ ዕቃ አላመጣች። ከዚያ ገባኝ። የያዝኩት ሽሪምፕ ሸተተኝ። ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። ያ የሞተው ወንድም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በየሳምንቱ ከእኔ በስተቀኝ ይቀመጥ ነበር፤ መዝሙር ላይ ድምፁ ይሰበርበታል። ትራንስፖርት! ልጄ ፈረመች። ደወሉ ተደወለ። አዳራሹ አጨበጨበ፣ ያልሰማችው ባለቤቴም አጨበጨበች።

ቲባነው፣ የከተማው ባቡር ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ ነው አፌን የከፈትኩት።

"ትራንስፖርት ያልሽው ምንድን ነው?"

"ኔይ፣ አባዬ፣ አሁን አትጀምር።" ስትናደድ "አይ" የምትለው በኖርዌይኛ ነው።

"የሰው አስከሬን ነው ትራንስፖርት?"

"ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል።"

"አማርኛ የሚሰማ ካለ ይስማ!"

"ምንድን ነው እሱ?" አለች እናቷ። ነገርኳት። ወደ መስኮቱ ዞረች።

ልጄ ተቆጣች። "ማን ተጎዳ? እስቲ ንገረኝ! ገንዘቡ እንደሆነ መከፈሉ አይቀር። እኔ ባልከፍል ሳጥኑ እዚህ ይከርም ነበር። በጊዜው ሄደ፣ በጊዜው ተቀበረ። ነጥቡን እኔ ባልወስደው ለባንኩ ነው የሚቀረው። ማን ተጎዳ፣ አባዬ?"

ብዙ ማቆሚያ አለፍን፣ እኔ ነገሩን በጭንቅላቴ እያገላበጥኩ ነው። ነገሩ እንደሚያስጠላ አውቃለሁ፤ ለምን እንደሚያስጠላ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልነግራት አልቻልኩም።

"ማንም ካልተጎዳ ለምን ደበቅሽው?" አልኳት በመጨረሻ።

"ማን ጠየቀኝ?"

"እንግዲያው ሳትጠየቂ ንገሪ። ለሟቹ ሚስት ሄደሽ ንገሪያት። ቅር ካላላት እኔ ራሴ እናትሽን ይዤ እሄዳለሁ፣ ባሕሩ ዳር ቁጭ እላለሁ፣ አንድ ቃል አልተነፍስም። መንገር ካቃተሽ ግን ውሉን ሰርዢው።"

እዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር ፈርሞ ለተጸጸተ ሰው ሕጉ ሁለት ሳምንት ይሰጠዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካፈረሰ ማንም አይጠይቀውም። በዚህች አገር ላይ ብዙ አማርራለሁ። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ግን የሰውን ልብ ያውቃል።

ልጄ የመጀመሪያውን ሳምንት ስልኬን አላነሣችም። ሁለተኛው ሊያልቅ ሲል ራሷ ደወለችና "አብረኸኝ ና" አለችኝ።

ሃውገሩድ ደርሰን የሟቹ ሚስት ሻይ አቀረበችልን። ጥቁሯን አላወለቀችም። ልጄ እንደ ልማዷ "አንቺ" እያለች ነው የምታናግራት፤ እንደ እናቷ የምትሆን ሴት መሆኗን ለመቶኛ ጊዜ ባስታውሳትም አይገባትም። ስትጀምር ግማሹ ኖርዌይኛ ሆነ፤ ቦኑስ፣ ባንክ፣ ውል እያለች ተምታታባት።

"በአማርኛ" አልኳት።

ብርጭቆውን አስቀመጠች። "ያን ጊዜ በካርዴ የከፈልኩት ነጥብ አገኝበት ስለነበር ነው። በነጥቡ ለእማዬ የዕረፍት ቤት ገዛሁበት። ማለቴ፣ ልረዳሽም ፈልጌ ነበር። ግን ነጥቡ ባይኖር እጄን አነሣ እንደነበር አላውቅም።"

ይህችን የመጨረሻዋን እኔ አላዘዝኳትም። ከራሷ ነው የወጣችው።

ሴትዮዋ "ይሄ ነጥብ ከኔ ላይ ነው የተወሰደው? ከመዋጮው?" አለች።

"ኔይ፣ ኔይ፣ ከባንኩ ነው።"

"እንግዲያ እኔ ምን ቸገረኝ።" ሻይ ጨመረችልን። ስኳሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ከዚያ በቀስታ እንዲህ አለች፦ "ብቻ ልንገርሽ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ እጸልያለሁ። መጀመሪያ የማነሣው ያንቺን ስም ነበር፤ ከባሌ እናት ሁሉ አስቀድሜ። ይህን ውለታ በምን እመልሰዋለሁ እያልኩ። ስትወልጂ እኔ ላርስሽ፣ ቤት ስትቀይሪ እኔ ላጽዳልሽ ስል ነው የከረምኩት። ከብዶኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ለካ ተከፍሎሻል! አሁን ቀለለኝ።"

ስድብ አልነበረበትም። ከጀርባው ላይ ዕቃ አውርዶ ትከሻውን እንደሚያፍታታ ሰው ነው የተነፈሰችው። ፈገግም ብላለች። "ሂዱ፣ እናትሽን ፀሐይ አሙቂያት። ለጉልበት ጥሩ ነው ይባላል።" በሩ ድረስ ሸኘችን፣ ልጄንም ሳመቻት። እንደ ማንኛውም እንግዳ ነው የሳመቻት።

ወደ ባቡሩ ወረድን። ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን።

"ቅር አላላትም፣ አይደል?"

"አላላትም።"

"ታዲያ ትሄዳለህ?"

"ቃሌ ነው። እሄዳለሁ።" ቃሌ ራሱ አስጠላኝ፤ ያንን ባሕርና ያንን ጥርሳም ሻጭ አስቤ ምራቄ መረረኝ። ግን ብያለሁ።

"እሷ ከእንግዲህ ስትጸልይ ስሜን አታነሣም ማለት ነው?"

"እሱን እኔ አላውቅም።"

"አባዬ፣ ማንም አልተጎዳም ብዬህ ነበር..." አላስጨረሳትም፣ እንባዋ ቀደመ። ስልኳን አወጣች። አንድ ባቡር መጥቶ ሄደ። ስትጽፍ አላየሁባትም፣ አፍሬ ወደ ሐዲዱ ነበር የማየው። "ሰረዝኩት" አለች። "ደስ አለህ?"

"አላለኝም" አልኳት፤ እውነቴን ነበር።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሶፋው ላይ ትራስ ከጉልበቷ ሥር አድርጋ ተቀምጣለች። ነገርኳት።

"ሴትዮዋ ሂዱ ብላ አይደል እንዴ?"

"ብላለች።"

"ታዲያ ማን ሰርዢ አላት?"

"ማንም። ራሷ ናት።"

"ራሷ!" አለችኝ። "ያን ቀን ባቡር ውስጥ እንደዚያ ስትጮህባት ውለህ፣ ራሷ! ክፉ ነገር ሠርታለች፣ እሺ። እኔም አስጠልቶኛል። ግን በክፉም ይሁን በደግ ስለ ጉልበቴ ያሰበች እሷ ብቻ ናት። አንተ ልብህ ነጽቶልህ ገባህ። እኔ ሰኞ ሥራ ገቢ ነኝ። አንተ ስለ ጉልበቴ ምን አስበሃል?"

ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርግ ነበር። የአስከሬን መሸኛ የሰው ማትረፊያ መሆኑን አሁንም እጸየፈዋለሁ፤ ምስጋናን ተቀብሎ ዋጋውንም ከባንክ መቀበል እንደ ሌብነት ነው የምቆጥረው። የዚያን ቀን ግን ይህን ሁሉ ለባለቤቴ መናገር አልሆነልኝም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እሷም ጠብቃ ጠብቃ ትራሱን አስተካከለችና ፊቷን አዞረች።