የእህቴ ጤና አዳም

ሦስት ነበርን። ጎረቤቴ ራኩባዋ ውስጥ፣ ከሣር ጥላው ሥር ቁጢጥ ብላ፤ የሟች እህቴ ልጅ ሻንጣዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ምሰሶውን ተደግፋ፤ እኔ የግቢዋ በር አጠገብ፣ ጥቁሩ ጭቃ ጫማዬን ይዞኝ። መሀላችን በዘይት ቆርቆሮ የተተከለው ጤና አዳም ነበር።

ተክሉ የእህቴ ነው። ከአገር ስንወጣ ቀንበጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ገዳሪፍ ድረስ አመጣችው። እሷ ስትሞት ለልጇ ቀረ፤ ከእናቷ የቀራት ሌላ ነገር የለም። ሚያዝያ ላይ ድንበሩ ጋ ገላባት ከተማ ሥራ አግኝታ ስትሄድ፣ «ክረምቱ እስኪወጣ ያዢልኝ» ብላ ሰጠችኝ።

ዝናብ ሲገባ ጣራ ሥር አስጠጋሁት። ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት፤ ነፋስ ሲነሳ በላስቲክ እሸፍነው ነበር። ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። የጠማው መስሎኝ ውሃ ጨመርኩለት። ልጅቷ ልትወስደው ስትመጣ ጠውልጎ አገኘችው፤ ጎረቤቴ ተክል ታውቃለችና ተሸክሜ ወሰድኩላት።

ጎረቤቴ ቆርቆሮውን ስታዘነብለው ውሃው በአፉ ፈሰሰ።

«እትዬ፣ ዓሣ ሊያረቡበት ነው እንዴ?» አለች። የጎንደር ሰው ናት፤ ገዳሪፍ ኖራ ኖራ ቀልዷን አልተወችም።

ልጅቷ ሳቀች። ጎረቤቴ ግን ቆርቆሮውን ገልብጣ ሥሩን አየች። ቀዳዳዎቹ በጨርቅና በጭቃ ተደፍነዋል።

«ማነው የደፈነው?»

«እናቴ አይደለችም» አለች ልጅቷ። «በምስማር ስትበሳው አጠገቧ ነበርኩ።»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

በበጋ ውሃ የምንገዛው ከአህያ ጋሪ ነው። ከሥር ሲፈስ እያየሁ አላስችል ብሎኝ ደፈንኩት። ዝናብ ሲመጣ መክፈት ነበረብኝ፤ ረሳሁት።

ተክሉን ከቆርቆሮው ስታወጣው ሥሩ ጠቁሮ ይሸት ነበር። ጎረቤቴ ከጫፉ አንዲት አረንጓዴ ቀንበጥ ብቻ አገኘችና ቆረጠቻት።

«ይቺ ትይዝ ይሆናል። ግን ሥር እስክታወጣ መንገድ አትችልም፤ እዚሁ መቆየት አለባት።»

ልጅቷ ተቀብላ አሸተተቻት። እጄን ዘረጋሁ።

«አክስቴ፣ አትቀየሚኝ» አለችና ቀንበጧን ለጎረቤቴ መለሰችላት። «እርስዎ ጋ ትሁን።»

ባዶውን ቆርቆሮ አንስቼ ወጣሁ።