አስራ ሁለተኛው ድንጋይ

ትናንት የእህቴ ልጅ በስልኳ የድምፅ መልእክት ስትልክ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ድምፅዋ ስክሪኑ ላይ ከፍ ዝቅ እያለ ሲሳል ሳይ፣ በዩኒቨርሲቲያችን ዓዲ ሓቂ ግቢ ያሳለፍኩት አንድ የሰኔ ጠዋት ትዝ አለኝ።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። መመረቂያዬ ሲደርስ ሠላሳ አንድ ሞልቶኝ ነበር። የክፍሌ ልጆች «ኣደይ» ይሉኝ ነበር፣ እናቴ ማለታቸው ነው፤ ግማሹ በፍቅር፣ ግማሹ በተረብ። የመመረቂያ ሥራዬን ካልተቀበሉት ዓመቱን መድገም ነው። እነሱ አንድ ዓመት ቢደግሙ ምንም አይደል፤ እኔ ግን የምጥለው ዓመት አልነበረኝም።

ወደ ውቅሮ በሚወጣው መንገድ ዳር የሚሠሩት ወሎዬው ግንበኛ ጋሽ ሰዒድ፣ ድንጋዩን ከመደርደራቸው በፊት በመዶሻ መታ ያደርጉታል። ጥርት ብሎ ከጮኸ ጤነኛ ነው፤ ድምፁ ከታፈነ ውስጡ ተሰንጥቋል። ለመመረቂያ ሥራዬ ሃያ ድንጋይ አስመትቼ ድምፁን ቀዳሁ። ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍኩት ፕሮግራም የድምፁን ሞገድ ይስላል፤ ምት ባገኘ ቁጥር እዚያው ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ያቆማል።

አስራ ዘጠኝ መስመር አቆመ። አስራ ሁለተኛውን ዘለለው። ደካማ ድምፅም እንዲቀበል ሳላላው ደግሞ በመንገዱ ያለፈውን የባጃጅ ጥሩምባ ሁሉ ድንጋይ ነው ብሎ ግራፉን ቀይ በቀይ አደረገው። ሲጨንቀኝ፣ በማቅረቢያዬ ዋዜማ፣ የአስራ ሁለተኛውን ምት ሰከንድ በእጄ ጻፍኩለት። ሃያ ሆነ። ሃያ መሙላቱ እንጂ ለምን እንዳመለጠው አላሳሰበኝም። በማግስቱ ጠዋት ሥራዬን በፈታኝና በክፍሌ ልጆች ፊት ላቀርብ ቆምኩ።

ጋብዣቸው የመጡት ጋሽ ሰዒድ የክት ኮታቸውን ለብሰው ከኋላ ተቀምጠዋል። ግራፉ ግድግዳው ላይ ሲበራ በጣታቸው ቆጠሩ።

«ሃያ! አንድም አላመለጠው! የኔ ልጅ፣ ከኔ ጆሮ በለጠ እኮ!»

ክፍሉ ሳቀ። ፈታኙ አልሳቀም። መነጽሩን አወለቀ።

«ሃያውንም ፕሮግራሙ ራሱ ነው ያገኘው?»

ዞር ብዬ ጋሽ ሰዒድን አየኋቸው፤ አሁንም ፈገግ እንዳሉ ናቸው።

«አስራ ዘጠኙን» አልኩ። «አስራ ሁለተኛውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ድምፁ ደካማ ነበር።»

ጋሽ ሰዒድ ከወንበራቸው ተነሡ። «አስራ ሁለተኛውማ ስንጥቁ ነው! ከሃያው የታመመው እሱ ብቻ ነበር እኮ!»

ፈታኙ መነጽሩን መልሶ አደረገ።

«እንግዲህ ፕሮግራምሽ ጤነኛ ብቻ ነው የሚሰማው። ሂጂ፣ በሽተኛ መስማት አስተምሪው። ሁለት ሳምንት አለሽ።»

በኋላ ነው የገባኝ፤ የመዶሻ ምት ደካማም ቢሆን በድንገት ይነሣል፣ ጥሩምባ ግን ይጎተታል። መለኪያውን በዚያ ቀየርኩት። አስራ ሁለተኛውን ያዘ፤ ተመረቅሁ።

አሁን ይህን ለወጣት ባልደረቦቼ ሳወራ «ጎበዝ እትዬ፣ እውነቱን ተናገርሽ» ይሉኛል። ሙገሳው አይመቸኝም። ከፈታኙ ጋር ብቻችንን ብንሆን ኖሮ «አዎ» እል ነበር፤ ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጋሽ ሰዒድ ግን የራሳቸውን ጆሮ አሳንሰው በኔ ውሸት ሲኮሩ አየኋቸው። ያንን ብቻ መቻል አቃተኝ።