ደልቷታል ሲሉኝ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ዛሬ ወደ ቤቴ አልመለስም። ብዙ አላቆያችሁም፤ መቆሙ ለእኔም ይከብደኛል።

ወረታ ገበያ ቅቤ ስሸጥ ታውቁኛላችሁ። የበኩር ልጄ በወባ ሞተ። ከተዝካሩ በኋላ ማልቀስ አቃተኝ። ጓዳ ገብቼ በጋያ ትምባሆ ማጨስ ጀመርኩ። ቅሉ ውስጥ ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ሲል ልቤ ጸጥ ይላል፤ ጭሱ ሲያልቅ ሐዘኑ ይመለሳል። ያን ጊዜ ሳይርበኝ እበላለሁ፣ በልቼ ደግሞ አጨሳለሁ። እንዲህ እያልኩ በሩ እስኪጠበኝ ወፈርኩ።

በእኛ አገር የወፈረ ሰው ያዘነ አይመስልም። ገበያተኛው «ደልቶሻል እኮ» ይለኛል። አማቴማ እየሰማሁ፣ «ልጇን ቀብራ እንዲህ ያማረባት እናት አላየሁም» አሉ። ባሌም አመናቸው። ገላዬ መሰከረብኝ። ሞቴን ተመኘሁ።

ትንፋሽ ሲያጥረኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ድሬሰሩ ጀርባዬን አዳምጦ፣ «እትዬ፣ ጭሱ ሳንባዎን ጎድቶታል፣ ውፍረቱም ልብዎን አድክሞታል። ጋያውን ካልተዉ መድኃኒቴ አይሠራም» አለኝ። ጋያዬን ሰበርኩ፤ ብዙም ሳልቆይ ሌላ ገዛሁ።

አንዲት አማኝ እናት ከደብረ ታቦር መጥተው ቅቤ ሊገዙ ጎንበስ ሲሉ አዩኝና፣ «ልጄ፣ ፊትሽ ምነው ጠቆረ?» አሉኝ።

«ደልቶኝ ነው» አልኳቸው።

«ይሄስ ድሎት አይደለም። ማን ሞተብሽ?»

ወገኖቼ፣ በገበያው መሀል ተደፍቼ አለቀስኩ። እሳቸው ከአጠገቤ አልተነሱም። «ጌታም በወዳጁ መቃብር አልቅሷል፤ አንቺን ማን ከለከለሽ?» ብለው እዚያው ጸለዩልኝ። ክብር ለስሙ ይሁን፣ በዚያ ቀን ጌታን ተቀበልኩ።

ጋያው ግን ወዲያው አልለቀቀኝም። ሲያምረኝ ወደ ርብ ወንዝ በሚወስደው መንገድ እወጣለሁ፤ እየዘመርኩ፣ እያለቀስኩ እሄዳለሁ። «ጌታ ሆይ፣ ዛሬን ብቻ አሳልፈኝ» እላለሁ። አሁንም እንደዚያው ነው የምለው፤ ወደ ጋያው ግን አልመለስም። እንደምታዩኝ አሁንም ወፍራም ነኝ። ትንፋሼ ግን ተመልሷል፣ መኖርም እፈልጋለሁ። ሃሌ ሉያ።

ባለፈው አማቴ ወንዙ ዳር ሳለቅስ አገኙኝ። አጠገቤ ቁጭ አሉና፣ «እኔ እኮ የረሳሽው መስሎኝ ነበር» ብለው አብረውኝ አለቀሱ።

እናንተም ሰው ያላየላችሁ ሐዘን ካለ ለጌታ ንገሩት፤ እሱ ገላ አይቶ አይፈርድም። ልጄ ማንደፍሮ ይባል ነበር። ዛሬ ስሙን ጠርቼ ማልቀስ እችላለሁ፤ ጌታ ይባረክ።