ምግብ ይዘው የመጡበት ቅዳሜ

ጥቅሉ የታሰረበት ቃጫ እርጥበቱ ገና አልለቀቀውም ነበር። ከሆሳዕና ተነስቶ፣ አዲስ አበባ አድሮ፣ ያን ሁሉ የአፋር በረሃ በአውቶቡስ አቋርጦ እኔ ጋ ሰመራ ደርሶ እንኳ፣ ቋጠሮውን ስፈታው ጣቶቼ ቀዘቀዙ። ኮባውን ገለጥኩት። ሽታው ወጥቶ ክፍሉን ሞላው። ኮምጠጥ ያለ፣ ዝናብ የመታው አፈር ያለበት፣ ከሥሩ ደግሞ ቅቤ ቅቤ የሚል ሽታ ነው፤ ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ባለቤቴ የሌላ አገር ሰው ነው። በትሕትና፣ "መስኮቱን ልክፈተው?" አለኝ።

"ተወው፣ ትንሽ ይቆይ" አልኩት።

የተላከልኝ ቆጮ ነው። የቆየ ቆጮ። ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጣ ሳይነግሩኝም አወቅሁት። ልነግራችሁ የምፈልገው ስለዚያ ጉድጓድ ነው።

ያደግሁት ሌሞ ውስጥ ነው። ጋሪ ከተገኘ ሆሳዕና ሩቅ አይደለም፤ ካልተገኘ በእግር ነው። አባቴን አላስታውሰውም። ቤቱ የእናቴ፣ የታላቅ ወንድሜና የእኔ ነበር። ወንድሜ እንደ ሰፈራችን ጎረምሶች ሁሉ ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ ብሎ ወጣ። መጀመሪያ ከኬንያ ደወለ። ቀጥሎ ከማላዊ ደወለና፣ "አማ፣ ጫካ ልንገባ ነው፤ ስልክ ስለማይሠራ እንዳትጨነቂ" አላት። አማ በእኛ በሀዲይኛ እናት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አልደወለም።

እናቴ ስለ እሱ አታለቅስም ነበር። ሰው ሲጠይቃት፣ "ጌታ ያውቃል" ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ብቻ ከጓሮ፣ ከትልቁ እንሰት አጠገብ አንድ ጉድጓድ ነበራት። ምርጡን ቆጮ እዚያ ቀብራ፣ በኮባ ሸፍና፣ ድንጋይ ጭናበታለች። "ይሄ የእሱ ነው" ትለኝ ነበር። "እዚያ የሚበሉት ዳቦ ብቻ ነው አሉ። ሲመጣ ከዚህ ይበላል።" የቸገረን ጊዜ እንኳ የምንበላው ከሌላው፣ ከዕለቱ ጉድጓድ ነበር። የእሱ አይነካም።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በበልግ ዝናብ፣ እናቴ ከምንጭ ውኃ ተሸክማ ስትመጣ ጭቃው አንሸራተታትና ዳሌዋን ተጎዳች። እንሰት ደግሞ የሚፋቀው መሬት ተቀምጦ፣ ልጡን ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ አስደግፎ፣ አንድ እግር ሽቅብ አንስቶ በእሱ እየያዙ ነው። ዳሌው የታመመ ሰው አይችለውም። ሥራው የሴት ነው፤ ሴቶች ሲፍቁ ወንድ ወደ ጓሮ አይገባም። ከእሷ ሌላ በቤቱ ያለሁት ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ትምህርት ቀረሁ። "ለጊዜው ነው" አለችኝ እናቴ። ለጊዜው ብላ ቀርታ የተመለሰች ልጅ ግን በሰፈራችን አላየሁም ነበር። የቀርከሃው መፋቂያ መዳፌን እየላጠኝ፣ የእንሰቱ ውኃ ቁስሉ ውስጥ እየገባ እያቃጠለኝ፣ ከማዶ የትምህርት ቤቱ ደወል ሲመታ እሰማ ነበር። ደወሉ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ነበር። ድምፁ በጭጋጉ ውስጥ ታፍኖ ሲመጣ፣ የማውቃቸው ልጆች በየወንበራቸው ሲቀመጡ ይታየኝ ነበር።

የአማርኛ መምህራችን ልትጠይቀኝ መጣች። ከሰሜን ተመድባ የመጣች፣ ማተቧን ያሰረች፣ ቀጭን ሴት ነበረች። የእናቴ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ ስታያት፣ "ና ግባ ቲቸር፣ ጭቃው እንዳይጥልህ!" አለቻት። መምህሯ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ገባች።

"እማማ፣ ልጅዎን ልወስድብዎት ነው የመጣሁት።"

"ውሰድ። እንሰቱንስ ማን ይፍቀው?"

መምህሯ የዚያን ዕለት ብቻዋን ተመለሰች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ሰው አስከትላ መጣች። ትምህርት ቤታችን የበጎ ፈቃድ ክበብ የሚባል ነገር ነበረው፤ እስከዚያ ድረስ ሥራው በባንዲራው ሥር ያሉትን አበቦች ማጠጣት ብቻ ነበር። ያን ቀን የክበቡ ሴት ልጆች፣ የመምህራን ሚስቶችና የዘበኛው ሚስት መፋቂያቸውን ይዘው ጓሯችን ገቡ። ወንዶቹ ከውጭ ቀርተው አጥር ሲጠግኑና እንጨት ሲፈልጡ ዋሉ። ርዕሰ መምህሩ ንግግር አዘጋጅቶ ኖሯል፤ መግባት ስላልቻለ በአጥሩ አሻግሮ ጀመረ። እኛ የምናየው ባርኔጣውን ብቻ ነበር። "ኅብረተሰቡ ከትምህርት ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱም ከኅብረተሰቡ..." ሲል የዘበኛው ሚስት መፋቂያዋን አንስታ፣ "እሽ! ዝም በሉ፣ ባርኔጣው እየተናገረ ነው!" አለች። ጓሮው በሳቅ ፈረሰ። እናቴም ዳሌዋን ይዛ ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

መምህሯ መፋቅ አታውቅም። የፋቀችው ግማሹ ቀሚሷ ላይ ቀረ።

"ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ቢሆን ወድቀሽ ነበር" አለቻት የዘበኛው ሚስት። ቀጥላ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እውነት ግን፣ ምን አደከመሽ? አገርሽ አይደለ፣ ዘመድሽ አይደለች" አለቻት።

መምህሯ ቀና ሳትል መለሰችላት። "እናቴ አገር ቤት ብቻዋን ናት። የማላውቃት የሰው ልጅ ናት በየጠዋቱ ውኃ የምትቀዳላት። እዚያ ሄጄ ውለታዋን ልመልስላት አልችልም። እንግዲህ እዚህ ልመልሰው እንጂ።"

ሰኞ ትምህርት ቤት ተመለስኩ። በየቅዳሜው መጡልን።

አንድ ነገር ግን ማንም አላሰበም። በእኛ ዘንድ ለሥራ የመጣ ሰው ሳይበላ አይሸኝም። አዲስ የተፋቀው ቆጮ ደግሞ ተቀብሮ እስኪበስል ጊዜ ይፈልጋል። እናቴ በየቅዳሜው ከዕለቱ ጉድጓድ እያስወጣች፣ ጎመኑን በቅቤ አድርጋ አበላቻቸው፤ በሳምንቱ መሀል እኔና እሷ ጎመኑን ብቻ እንበላለን። አንድ ቀን መምህሯ ቆጮ ላውጣ ስል አብራኝ ወረደችና የጉድጓዱን ወለል አየችው። ኮባውን መልሳ ሸፈነችው።

የተቀረውን እኋላ ነው የሰማሁት። ለልጆቹ፣ "በሚመጣው ቅዳሜ ሁላችሁም ከቤታችሁ የበሰለ ምግብ ይዛችሁ ኑ፤ እማማን አናስቸግር" ብላቸዋለች። አትፍረዱባት። የእሷ አገር ቢሆን ደግ ሥራ ነበር።

ያ ቅዳሜ ጭጋጋማ ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መንገዱ ሳሙና ሆኗል። እኔ ደጃፍ ላይ ዕቃ አጥባለሁ፤ እናቴ በሩ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች። ከጭጋጉ ውስጥ ሲወጡ አየናቸው። ሴቶቹ ነጠላና ጋቢ ተከናንበዋል። በራሳቸው ላይ የተሸፈነ ትሪና ሰፌድ ተሸክመዋል። እንዳይወድቁ እግር እግራቸውን እያዩ ስለሚራመዱ የሚያወራ የለም፣ የሚስቅ የለም። ስለ ክበቡ ሰምቶ ሊመርቃቸው የመጣው የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ ከፊት ከፊት ይሄዳል።

በእኛ ሰፈር የበሰለ ምግብ ተሸክመው፣ በማለዳ፣ ዝም ብለው የሚሄዱት ወደ አንድ ዓይነት ቤት ብቻ ነው። መርዶ ሊያረዱ። እኛ ቤት ደግሞ ድምፁ የጠፋ ልጅ ነበር።

እናቴ ተነሳች። በዚያ ዳሌዋ፣ ምንም ሳትደገፍ ተነሳች። ጎመኑ ከጭኗ ተበተነ። "ልጄን!" አለች። ከዚያ የወንድሜን ስም ጠራች። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእናቴ ወጥቶ አያውቅም፤ ያን ሁሉ ጊዜ ውስጧ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ድምፅ ነበር። ጎረቤት ሰማ። ሰው ከየአቅጣጫው እየሮጠ መጣ፤ ሴቱ ደረቱን እየመታ፣ ወንዱ ጋቢውን እየጣለ። እኔም የሳሙና አረፋ በእጄ ላይ እንዳለ ጮህኩ። መምህሯ ትሪዋን እንደያዘች መሀል ግቢ ደርቃ ቀረች። "ምንድነው? ምን ተፈጠረ?" ትላለች፤ የሚመልስላት የለም።

ከሰፈር ሌላ ጫፍ ዘግይታ የደረሰችው የዘበኛው ሚስት ነበረች ነገሩ የገባት። "ምን ነክቷችሁ ነው!" ብላ ጮኸች። "ምግብ ተሸክሞ እዚህ ቤት ይመጣል? አልሞተም! ማንም ምንም አልሰማም! ቅዳሜ ነው፣ እንሰት ልንፍቅ ነው!"

ለቅሶ ከተነሳ በኋላ ቶሎ አይተኛም። ወንጌላዊው ጭቃው ላይ ተንበርክኮ መጸለይ ጀመረ፤ ድምፅ ቀስ በቀስ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ የእናቴ ብቻ ቀረ። ከዚያ እሷም ዝም አለች። መሬት ላይ ተቀምጣ ግቢውን የሞላውን ሰው አንድ በአንድ አየችው። መምህሯ እግሯ ሥር ወድቃ፣ "ይቅር ይበሉኝ እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ" ትላለች። እናቴ ራሷን ዳሰሰቻት።

"ሰው መጥቷል" አለች። "ጉድጓዱን ክፈቱ።"

"የትኛውን?" አለች የዘበኛው ሚስት።

"የእሱን።"

"ተይ እንጂ እቴ" አለቻት በሀዲይኛ።

"አንቺ ደግሞ! አልሞተም አልሽ አይደለም እንዴ? ካልሞተ ሌላ እንሞላለታለን።"

ድንጋዩን ያነሳነው እኔና የዘበኛው ሚስት ነን። ኮባው ሲገለጥ ያ ሽታ ወጣ። ሊያለቅስ የመጣው ሁሉ ከዚያ በላ። የልጆቹ ምግብ ጥግ ላይ እንደተሸፈነ ተቀምጦ ነበር። እናቴ አየችውና፣ "ቲቸር፣ ዳቦህን አምጣ። አብረን እንበላለን" አለቻት። ከዳቦው ቁራሽ መጀመሪያ የቀመሰችው እናቴ ናት። ከአጥሩ ውጭ ባርኔጣው ይታይ ነበር። ያን ቀን ንግግር አላደረገም።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ሁሉ ተቀምጠው እስኪመሽ ፋቁ። የወንድሜን ጉድጓድ እንደገና ሞሉት፤ ድንጋዩንም መለሱበት። እናቴ ለወንድሜ ያለቀሰችው ያን ቀን ብቻ ነው።

መምህሯ ተዛውራ ሄደች። ክበቡ ግን አልቀረም። እኛን የማያውቁ ልጆች ሳይቀሩ በየዓመቱ እየመጡ የዚያን ጉድጓድ ኮባ ይለውጡላት ነበር። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ፣ አስተማሪ ሆኜ፣ ከአገሬ ሩቅ ተቀጠርኩ። እዚህም ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማሪዎቼ ጋር ለአቅመ ደካሞች ውኃ እናደርሳለን። ለምን በነፃ እንደምንሠራ ሲጠይቁኝ፣ "እናቴ ሩቅ ናት፤ እዚያ የሰው ልጅ ይረዳታል" እላቸው ነበር። ከመምህሬ የወሰድኩት መልስ ነው፤ ግን እውነቴን ነበር።

እናቴ ዘንድሮ ወደ ጌታ ሄደች። የደረስኩት ከተቀበረች በኋላ ነው። ሰው ምግብ ተሸክሞ በዝምታ ወደ ግቢያችን ሲገባ አየሁ። በዚያን ጊዜ የተሳሳተ ሰው አልነበረም።

የዘበኛው ሚስት አርጅታለች። ስሸኝ ወደ ጓሮ፣ ወደ ወንድሜ ጉድጓድ እያየች፣ "እሱስ?" አለችኝ። አውቶቡስ ይሄድብኛል ብዬ ወጣሁ። ጥቅሉን ልካ፣ ከደረሰኝ በኋላ ነው የደወለችልኝ። "ድርሻሽ ነው" አለች። "እናትሽ ብትኖር ጉድጓዱን አልከፍተውም ነበር። ኮባውን የምትቆጣጠር እሷ ነበረች፤ አሁን የሚያየው ከሌለ ይበላሻል።"

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ተማሪዬ ጄሪካኗን አስቀምጣ፣ "ቲቸር፣ ለምንድነው ግን የምንለፋው?" አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። እናቴ ሩቅ ናት ልል ነበር። "ነይ፣ በአንድ በኩል ልያዝልሽ" አልኳት። ጄሪካኑን ይዘን ሄድን።

ቆጮውን ጋገርኩት። ባለቤቴ እየታገለ በላና፣ "ጥሩ ነው" አለኝ፤ እግዚአብሔር ይባርከው። ትንሹን መልሼ በኮባው ጠቀለልኩት፣ በዚያው ቃጫ አሰርኩት፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ከታች አስቀመጥኩት። ለማን ነው ብሎ አልጠየቀኝም።

በእኛ እምነት ለሞተ ሰው አይጸለይም። የዚያን ዕለት ማታ ተንበርክኬ፣ እንደ ሌላው ቀን፣ የወንድሜን ስም ጠራሁ።