የሮብ ቶርታ

ባለፈው ሰሞን ጳውሎስ አካባቢ አንድ ኬክ ቤት መስታወት ላይ «የጾም ቶርታ አለን» የሚል ጽሑፍ አየሁና እዚያው መንገድ ላይ ፊቴ በእፍረት ጋለ። ያፈርኩት ግን ዛሬ አይደለም። ከልጅነቴ፣ ከደርግ ጊዜ፣ ከጉለሌው ግቢያችን የተረፈ እፍረት ነው።

አክስቴ ጫልቱ ምሥራቅ ጀርመን የልብስ ስፌት ተምራ የተመለሰች ሰሞን ስለ አንድ ቃል አውርታ አትጠግብም ነበር። ጀርመኖች «ቶርተ» ይሉታል። በተማሪዎች ማደሪያው አብረዋት የሚኖሩት ልጆች ደግሞ ሩሲያዊቷ «ቶርት»፣ ሃንጋሪያዊቷ «ቶርታ»፣ ኩባዊቷም «ቶርታ» እያሉ ቃሉ የእኛ ነው፣ የእኛ ነው ሲባባሉ ያመሻሉ። የገላገላቸው መምህራቸው ነው፤ ጀርመንም ብትሆን ከጣሊያን የወሰደችው ነው፣ ጥንት በላቲን ክብ ዳቦ ማለት ነበር አላቸው። «እኛም እኮ ከጣሊያን ወስደን ቶርታ ነው የምንለው!» ትላለች አክስቴ፣ የጠፋ ዘመድ ያገኘች ይመስል።

ያን ጊዜ ሰፈሩ «ጴንጤዎቹ» ነበር የሚለን። የጸሎት ቤታችን ስለታሸገ አባቴ ሰው ሰብስቦ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ይጸልያል። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ ግቢው ሁሉ ይሰማል፤ ለቀበሌ የነገረብን ግን አንድም ጎረቤት አልነበረም። አክስቴ ለዚህ ውለታ ቶርታ ላብላቸው ብላ ተነሳች። ስኳር በራሽን ነበርና ጎረቤቶቹ ከየድርሻቸው በሲኒ በሲኒ አዋጡ። ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጥጥ የሚፈትሉት እማማ አስካለ፣ የግብዣው ቀን ገና ሳይቆረጥ፣ የዶሮዎቻቸውን እንቁላል ላኩ።

ቶርታው በብረት ድስት፣ ከላይም ከታችም ፍም ተደርጎ ተጋገረ። ከጀርመን የመጣችው ቫኒላ ግቢውን አወደችው፤ እኛ ልጆች ምራቃችንን እየዋጥን ድስቱን ከበብን። ክሬሙ ተቀብቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ለሁሉም ተቆረሰ። አክስቴ የቃሉን ታሪክ ከሩሲያ እስከ ኩባ ስታወራ ሳህኑ ሁሉ ጭን ላይ ነው፤ የቀመሰ የለም። ምርቃት የሚጠብቁ መስሏት አባቴን አስጸለየችው። አሁንም የለም። በመጨረሻ የእማማ አስካለ የልጅ ልጅ፣ ጓደኛዬ አልማዝ፣ «ዛሬ ሮብ አይደል እንዴ?» አለች።

እኛ ቤት ሮብና ዓርብ አይጾምም። አክስቴም ውጭ ኖራ ቀኑን ረስታዋለች። ግን ይህን ማን ያምናል? ጴንጤዎቹ በገዛ ስኳራችን ጾም ሊያስገድፉን ነው ቢሉ ምን እንመልሳለን? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እማማ አስካለ ሳህናቸውን ይዘው ብድግ አሉ። «ጫልቱዬ፣ ከፍትፍቱ ፊቱ ነው። ድርሻችንን ይዘን እንሄዳለን፤ ነገ ይደርሳል» አሉ። ሁሉም ሳህናቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሄዱ።

ፍሪጅ የት አለና! በማግስቱ ጠዋት ሳህን ልሰበስብ ስላክ ክሬሙ ውሃ ቋጥሮ፣ ሽታው ከበር ይቀበላል። እማማ አስካለ አማተቡና ዓይኔ እያየ በሉት፤ ፍርፋሪም አላስቀሩ። «ጣፈጠን በያት» አሉኝ። የሌሎቹም ሳህን ባዶ ነበር። አክስቴ መልእክቱን ሰማች፣ ሳህኑን አሸተተች፣ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ቃል ስታወራ ሰምቼ አላውቅም።

የጾሙን ቶርታ ገዝቼ ወሰድኩላት። ዛሬ አርጅታለች። የዱሮው ግቢ ፈርሶ ጎረቤቱ ተበትኗል፤ እማማ አስካለም ካረፉ ቆዩ። አሁን የምንኖርበት ፎቅ ላይ ከጎረቤቶቻችን ጋር በር ለበር ብንተያይም ስም አንተዋወቅም። አክስቴ ቢላዋውን አንስታ ቆም አለች።

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ሮብ ነው። ግን አትስጊ፣ የጾም ነው።»

ቢላዋውን መልሳ አስቀመጠችና በሩን አየች።

«ታዲያ ማንን እንጥራ?» አለችኝ።