የቡርኦዋ ሲራድ፣ ክኒኗና ሐሞቷ

በሶማሌላንዷ ቡርኦ ከተማ የሲራድ ሔዶ፣ ማለትም በገመድ የሚታሰረው የሰርግ ሥጋ ዕቃ፣ ያልተከፈተበት ሰርግ ኖሮ ከሆነም የሚያስታውሰው ሰው የለም። ሥጋውን እንደ ጥፍር አሳንሳ ትከትፋለች፣ ታደርቃለች፣ በንጥር ቅቤ ታበስላለች፤ ይህ ሙቅማድ ነው። ከዚያ በእንጨት ዕቃ ጠቅጥቃ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ጫፉ በማይታይ ገመድ ትተበትበዋለች። ከሰርጉ በኋላ በሰባተኛው ቀን የሙሽራው ወገኖች ገመዱን እንዲፈቱ ይታዘዛሉ። ሲራድ ከሙሽሪት አክስቶች መካከል ተቀምጣ፣ ላብ ያሰመጣቸውን ጎረምሶች «ግመልም ስትፈቱ እንዲህ ነው የምታለቅሱት?» እያለች ታበሽቃቸዋለች። በዚያች ሰዓት ከእሷ የበለጠ ደስተኛ ሰው ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

ይህን ደስታ ያገኘችው ዘግይታ ነው። የሚጥል በሽታ የጀመራት በልጅነቷ ስለነበረ ከእሳት አጠገብ እንዳትደርስ ተከልክላ አደገች። የእናቷን ሙያ ከበር ላይ ቆማ በዓይኗ ተማረችው። ካገባች ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን ከሃርጌሳ እየተመላለሰ የሚያክም አንድ የነርቭ ሐኪም አዲስ ክኒን አዘዘላት፤ መውደቋም ቆመ። ሲራድ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ምድጃ ለኮሰች። ክኒኑ ለእሷ መድኃኒት ብቻ ሳይሆን በእሳት ዳር የመቀመጥ ፈቃድ ነበር።

ክኒኑ የምግብ ፍላጎቷንም ዘጋው። ወራት ሳይቆጠሩ ቀሚሷ ሁሉ ሰፋት። ባሏ ዋይስ፣ ቀልድ የማያልቅበት የከብት ደላላ፣ «አማቾቼን ልከሳቸው ነው፤ የሰጡኝ ሴት ግማሿ የለችም» ይል ነበር። ሐኪሙ ግን በየቀጠሮዋ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃት ነበር።

«ወድቀሻል?»

«አልወደቅሁም።»

«እንግዲያው ቀጥዪ።»

የክብደት ሚዛን ከበሩ ኋላ ቆሞ ነበር፤ ሐኪሙ ጋዋኑን ይሰቅልበታል።

ሕመሙ የመጣው በሥራ ላይ ሳለች ነው። ሙቅማድ ሠሪ ማለዳ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ከእያንዳንዱ ድስት አንድ ማንኪያ ቅቤ ይቀምሳል፤ የጦመ ምላስ ሊበላሽ የጀመረን ቅቤ አያልፍምና። አንድ ቀን እንደቀመሰች ብዙም ሳይቆይ ከቀኝ የጎድን አጥንቷ ሥር አንዳች ነገር ጨምድዶ ያዛት፤ ወደ ትከሻዋ ወጣ፤ አስመለሳት። የአባቷ እህት ኢባዶ ሮጣ መጣች።

«ሆድሽ ደርቋል» አለች። «ያ ክኒን አድርቆት ነው። አንድ ኩባያ ትኩስ ቅቤ ጠጪ፤ ሆድሽን ያጥበዋል።»

«አክስቴ፣ ያመመኝ እኮ ቅቤ ስቀምስ ነው።»

«በማንኪያ ስለቀመስሽ ነዋ። ቅቤ ስስታም አይወድም።»

በዚያ ሰፈር ሆድ በትኩስ ቅቤ ይታጠባል፤ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው። ሲራድ ጠጣች። ከቀትር በፊት የምንጣፉን ጠርዝ ነክሳ ታቃስት ነበር።

«እየሠራ ነው» አለች ኢባዶ፣ ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ እያበሰች።

በማግስቱ ዋይስ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰዳት። እዚያ የነበረው ሐኪም ሆዷን በሁለት ጣት ነካ ነካ አድርጎ «ጋዝ ነው» አለና ሽሮፕ ሰጣት። ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ ወይ ብሎ አልጠየቃትም። ሽሮፑ አለቀ፤ አዲስ ድስት ተጣደ፤ ሕመሙም ተመለሰ።

«ነገርኩሽ፤ ክኒኑን ተይው» አለች ኢባዶ።

«ከተውኩት እሳት ዳር ማን ሊቀመጥ ነው? አንቺ?»

«እኔማ ዓይኔ ጭስ አይችልም።»

«እንግዲያው ክኒኔን አትንኪብኝ።»

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ሕመሙ አሸነፋት፤ ለማንም ሳትናገር ክኒኑን አቋረጠች። ቀናት አለፉ። አንድ ማለዳ ማንኪያው ከእጇ አመለጠ። ዓይኗን ስትገልጥ ራሷ በዋይስ ጭን ላይ ነበር፤ ድስቱ ወርዷል፤ የሻሿ ጫፍ ተለብልቧል። ዋይስ አንዲት ቀልድ አልወጣውም። መኪና ተከራየና ሃርጌሳ፣ ዶክተር ኢፍራህ ከምትባል ሴት ሐኪም ዘንድ አደረሳት።

ዶክተር ኢፍራህ በአልትራሳውንድ ስታያት የሐሞት ከረጢቷ በጠጠር ተሞልቷል። ከዚያ ማንም ያልጠየቃትን ጠየቀቻት፦ ምን ትወስጃለሽ? ከመቼ ጀምሮ? ምን ያህል ከሳሽ?

ሲራድ ሁሉንም ነገረቻት።

«ጠጠሩን ያመጣው ክኒኑ ነው ብዬ አልምልም» አለች ሐኪሟ። «ክኒን ሳይውጡ ጠጠር የሚይዛቸው ሴቶች ሞልተዋል። ነገር ግን ይህ መድኃኒት ያከሳል፤ ሰው በፍጥነት ሲከሳ ሐሞቱ ጠጠር ሊያበጅ ይችላል፤ በሚወስዱት ሰዎች ላይም ታይቷል። ቀድሞ ሊነገርሽ ይገባ ነበር።»

«ስለዚህ ልተወው?»

«ከእንግዲህ በገዛ ፈቃድሽ አንዲት ቀን እንኳ እንዳታቋርጪው። መቀየር ካለበት ቀስ በቀስ፣ በሐኪም እጅ ይቀየራል። የሐሞት ከረጢትሽን ግን እናወጣዋለን።»

«ቅቤውስ?»

«ቅቤ መጠጣት ይቅር፤ ማንጠር ትችያለሽ።»

ጥፋቱ በልኩ ይከፋፈል። ኢባዶ ተሳስታለች፤ ነገር ግን የምታውቀውን ሁሉ ሰጥታ ቀኑን ሙሉ ግንባር ስታብስ ውላለች። የነርቭ ሐኪሙ ግን በዕውቀቱ ሊከበር ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። «ክብደትሽን ተከታተዪ፤ ጎንሽን ካመመሽ ንገሪኝ» ማለት ሻይ ከማማሰል ያነሰ ጊዜ ይፈጅበት ነበር። አላለም። ክኒኑ ሕመምተኛዋን ከመውደቅ ስላዳናት ከእንግዲህ ሌላ አካል የላትም ብሎ የወሰነ ይመስላል። የክሊኒኩ ሰው ደግሞ መጠየቂያ አፍ እያለው በሁለት ጣት ፈረደ። አንዱ ራሷን አከመ፣ ሌላው ሆዷን፤ ራስና ሆድ የአንዲት ሴት መሆናቸውን የጠረጠረ አልነበረም። ሲራድ እሳት ላይ ወድቃ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም የቀጣዩን ተራ ጠርተው ሥራቸውን ይቀጥሉ ነበር። ይህ ስህተት አይባልም፤ ቸልተኝነት ነው።

ሲራድ ክኒኗን እንደገና ጀመረች፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላም ዶክተር ኢፍራህ ራሷ ለነርቭ ሐኪሙ ደወለች፤ መድኃኒቱም በየሳምንቱ እየተቀነሰ በሌላ ተተካ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ዋይስ ከምድጃው አጠገብ አልጠፋም። እሷ አልወደቀችም። ሥጋም ተመለሰላት፤ ዋይስ «ክሱን አንስቻለሁ» አለ።

አሁን የማለዳው ቅምሻ የዋይስ ነው።

«እንዴት ነው?» ትላለች፣ ድስቱን እያማሰለች።

«ጥሩ ነው።»

«ትናንትም ጥሩ ነው ብለሃል፤ አሮ ነበር።»

«ያረረውም ጥሩ ነበር።»

«ለከብት ገበያ እንጂ ለሙቅማድ የተፈጠረ ምላስ አይደለም» ትላለች ኢባዶ ከደጅ። «ለእኔ ስጪኝ።»

«ዓይንሽ ጭስ አይችልም አላልሽም?»

«ዓይኔን ጨፍኜ እቀምሳለሁ።»

ሲራድ ሁለቱም እንዲቀምሱ ማንኪያውን ታቀብላቸዋለች፤ ሲጨቃጨቁ ትስቃለች። ከዚያ ማንንም ሳትጠብቅ ድስቱን በሁለት እጇ ይዛ ከእሳቱ ላይ ታወርደዋለች።