የኮምፔንሳቶ ጀልባና የልጅቷ አባት

ፒያሳ ላይ ጀልባ የሚሠራ ሰው ጤነኛ ነው ብሎ የሚያምን አባት የለም። ልጁን ልታገባበት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ!

ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ በአንዲት ጠባብ ቤት አልጋና ቁምሳጥን የምሠራ አናጢ ነኝ። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ያለ ደንበኛዬ "ጀልባ ትሠራለህ?" ሲለኝ "ምን ችግር አለው!" አልኩት። የአራዳ ልጅ "አላውቅም" ማለት መቼ ለምዶ! ወሬው የፍቅረኛዬ አባት ጆሮ ገባ። ሽማግሌ ልኬባቸው ገና መልስ አልሰጡኝም ነበር። "ውሃ በሌለበት ጀልባ የሚሠራ ነው ጎጆ የሚያቆመው? እስቲ በዓይኔ ልየው" አሉና አንድ ቀን ከሰዓት ሳይነግሩኝ መጡ።

እኔና አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ ደግሞ ያን ሰዓት ጭንቅ ላይ ነን። ኤፖክሲ እንደምናውቀው ኮላ አይደለም፤ ሁለቱን ፈሳሽ አንዴ ካዋሃድካቸው አይጠብቅህም፣ ቆርቆሮው ውስጥ ግሎ ድንጋይ ይሆናል። ኮምፔንሳቶውን አጉብጠን፣ መጋጠሚያውን በኤፖክሲ ለቅልቀን፣ ማጥበቂያ ሞርሳ ስላጠረን ጓደኛዬ አንዱ ጫፍ ላይ፣ እኔ ሌላው ላይ ተቀምጠንበታል።

ሰውየው በጥቁር ካፖርታቸው በሩ ላይ ብቅ አሉ።

"ኖር!" ብለን ሁለታችንም ብድግ።

ወይ ጉድ! አስተዳደግ ነው፤ ታላቅ ሲገባ እግርህ ከጭንቅላትህ ይቀድማል። ኮምፔንሳቶው ተስፈንጥሮ ግማሹን ኤፖክሲ ካፖርታቸው ላይ ረጨው። በቃ፣ ልጅቷን አጣኋት አልኩ።

ካፖርታቸውን አዩ፣ ጀልባውን አዩ። "ይኼ ነገር ይደርቃል?"

"አዎ አባባ፣ አሁኑኑ።"

"ታዲያ ምን ታፈጣለህ? ያዝ እንጂ!" ካፖርታቸውን አውልቀው ጣሉና እንጨቱን በሁለት እጃቸው ተጫኑት። እስኪደርቅ ድረስ ሦስታችንም እዚያው እንደተጣበቅን የእናቴን፣ የአክስቶቼን፣ የዘር ማንዘሬን ጤና ጠየቁኝ። ስለ ልጃቸው ግን አንዲት ቃል የለም።

ቢሾፍቱ ላይ ጀልባዋን ውሃ ያስገባን ዕለት ፍቅረኛዬ ልትሳፈር ስትል አባቷ ክንዷን ያዙ። "ቆይ" አሏት። ሰውየው ዋና አይችሉም፤ የቧንቧ ውሃ ሲጮህ እንኳ ይደነግጣሉ። ጫማቸውን አወለቁ፣ አማተቡ፣ ብቻቸውን ገብተው ቁጭ አሉ። ጀልባዋ ስትወዛወዝ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠርዙን እንቅ አደረጉት። ትንሽ ቆይተው ወለሉን በእጃቸው ዳበሱ። ደረቅ ነው።

ዓይናቸውን ገለጡና ወደ እኔ ዞሩ።

"በል፣ እጇን ይዘህ አስገባት" አሉኝ።